ቴፑ አለ፣ ፈቃዱ የለም፦ የድሮ ሮክ ባንዶች የሬዲዮ ቀረጻ ለምን ሳይወጣ ይቀራል?

የድሮ ሮክ የሚወድ ሰው አንድ ቀን እዚ ጥያቄ ላይ መድረሱ አይቀርም። ዩቲዩብ ላይ የሚወደውን ባንድ ሲፈልግ አልበም ላይ ሰምቶት የማያውቀው ቀረጻ ይመጣለታል፣ ከስሩ ቢቢሲ 1970 ምናምን ይላል፣ ድምፁ ይንሿሿል፣ መሀል ላይ የሬዲዮ አቅራቢው እያወራ ይገባበታል፣ ግን አጨዋወቱ ከአልበሙ በላይ ነፍስ አለው። ከዛ ይሄንንማ በጥራት ገዝቼ መስማት አለብኝ ብሎ ሲፈልግ ሲዲውም የለም፣ ስፖቲፋይ ላይም የለም፣ የባንዱ ዌብሳይት ላይም ስሙ አይነሳም። ሰው እንግዲህ ወዲያው የሚለው ደብቀውት ነው፣ ስግብግቦች ናቸው ነው። ስግብግብነት የለም አልልም፣ ግን ዋናው ምክንያት እሱ አይደለም። ዋናው ምክንያት እነዚ ቀረጻዎች ሲጀመር ለሽያጭ ታስበው አለመሰራታቸው ነው። ለአየር ነው የተቀረፁት፣ አንዴ ወይ ሁለቴ ተሰራጭተው እንዲያበቁ። ውሉም፣ ክፍያውም፣ ቴፑ የሚቀመጥበት መንገድም በዚ ሀሳብ ነው የተሰራው፣ ከ50 ዓመት በኋላ የመጣው ጣጣ በሙሉ ከዚ ነው የሚመነጨው።

እንግሊዝን እንውሰድ፣ ስለ ሮክ የሬዲዮ ቀረጻ እየተወራ ቢቢሲን ሳያነሱ ማለፍ አይቻልማ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።) አሁን ለኛ የሙዚቃ ሬዲዮ ማለት ዘፈን ከፍቶ ማጫወት ነው፣ ያኔ ግን ቢቢሲ እንደልቡ ሸክላ ማጫወት አይችልም ነበር። ሬዲዮ ቀኑን ሙሉ ሸክላ ካጫወተ ሸክላ የሚገዛ ይጠፋል፣ ሙዚቀኛም ስራ ያጣል የሚል ስጋት ስለነበር ከሸክላ ኩባንያዎቹና ከሙዚቀኞች ማህበሩ ጋር በተደረገ ስምምነት ሸክላ የሚጫወትበት ሰዓት ተገድቦ ነበር፣ ኒድል ታይም ይሉታል፣ ገደቡ ጨርሶ የተነሳውም በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው። እና የቀረውን ሰዓት በምን ይሙሉት? ሙዚቀኞችን ስቱዲዮ ጠርቶ በማስጫወት። ዛሬ እንደ ወርቅ የምንፈልጋቸው ቀረጻዎች የተገኙት ከዚ ገደብ ነው። የቢቢሲው ሬዲዮ 1 በሴፕቴምበር 1967 ሲከፈት ወጣቱ ሮክ ይፈልጋል፣ ሸክላው ተገድቧል፣ ስለዚ ባንዶቹ ራሳቸው ሜይዳ ቬል ስቱዲዮ ወይ ፕሌይሃውስ ቲያትር ወይ ፓሪስ ቲያትር ይመጣሉ (ፓሪስ ስሙ ነው እንጂ ለንደን ውስጥ ነው የነበረው)፣ ሶስት አራት ዘፈን ተጫውተው፣ የቀኑን ተቀብለው ይሄዳሉ።

ያ ቀን ምን እንደሚመስል ለማየት ቢትልሶችን ማየት ይበቃል። ጁላይ 16፣ 1963 ላይ ለራሳቸው ፕሮግራም፣ ፖፕ ጎ ዘ ቢትልስ ለሚባለው፣ በአንድ ቀን ከ7 ሰዓት ባነሰ ጊዜ 18 ዘፈን ቀድተዋል። 18! አሁን ባንዶች ለአንድ ዘፈን ከበሮ ድምፅ ማስተካከያ የሚፈጁት ሰዓት ነው እኮ። በአንድ ትንፋሽ ይጫወታሉ፣ ድምፁ በሞኖ (ሁሉም መሳሪያ በአንድ መስመር ተጠቅልሎ) እዛው ሚክስ ይደረጋል፣ ስህተት ካለ ወይ ይደግሙታል ወይ ይተዉታል፣ ቀጥል። ከ1962 እስከ 1965 እንደዚ እያሉ በ52 ፕሮግራም ላይ 88 የተለያዩ ዘፈኖችን 275 ጊዜ ተጫውተዋል፣ ከ88ቱ ውስጥ 36ቱን ባንዱ በነበረበት ዘመን በሸክላ አላወጧቸውም። ማለትም ቢትልሶች በጀርመንና በሊቨርፑል የምሽት ክለቦች ሲጫወቷቸው የነበሩትን የሌሎች ሰዎች ዘፈኖች እንዴት እንደሚጫወቱ የምናውቀው በብዛት ከሬዲዮው ነው። የዓለም ትልቁ ባንድ፣ በሸክላ ያላወጧቸው 36 ዘፈኖች፣ ግን በወጉ ተለቅመው በአልበም የወጡት በ1994 ነው፣ ከ30 ዓመት በኋላ፣ ሲወጣም እንግሊዝ ውስጥ አንደኛ ሆነ። ገበያ ጠፍቶ አይደለም እንግዲህ የዘገየው።

መጀመሪያ ቴፑ ራሱ የት አለ የሚለውን እንይ። ቴፕ ውድ ነበር፣ ቦታም ይይዛል፣ የሬዲዮ ሰዎቹም የሚያዩት የሳምንቱን ፕሮግራም ነው፣ ስለዚ ፕሮግራሙ ተሰራጭቶ ድጋሚው ካለፈ በኋላ ቴፑ ላይ ሌላ ነገር ይቀዳበታል። ተንኮል አይደለም፣ የቀን ተቀን አሰራር ነው። የቢቢሲ የድምፅ ማህደር የሚያስቀምጠው ታሪካዊ ነው ተብሎ የተመረጠውን ነበር፣ ያኔ ደግሞ የ20 ዓመት ልጆች ጊታር ጩኸት ታሪካዊ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ብዙ አልነበረም። ቢቢሲ ራሱ በ2001 ለህዝቡ ጥሪ አቅርቦ ቤታችሁ የቀዳችሁት የድሮ ፕሮግራም ካለ አምጡልን ብሎ ነበር፣ የራሱን ስርጭት ከአድማጭ የሚለምን ጣቢያ ማለት ነው፣ ይሄን ሳስበው ያመኛል።

ብዙውን ያተረፉልን ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ትራንስክሪፕሽን ሸክላ ነው። ቢቢሲ ፕሮግራሞቹን በጥቂት ቁጥር በሸክላ እያሳተመ ለውጭ አገር ሬዲዮ ጣቢያዎች ያከራይ ነበር፣ ጣቢያዎቹ የተፈቀደላቸው ጊዜ ሲያልፍ ሸክላውን መመለስ ወይ ማጥፋት አለባቸው፣ ግን ሁሉም ጣቢያ አላጠፋም፣ አንዳንዱ መጋዘን ውስጥ ረሳው፣ አንዳንዱን ሰራተኛው ቤቱ ወሰደው። ዩቲዩብ ላይ የምትሰሙት አቅራቢው፣ ብዙ ጊዜ ብራያን ማቲው፣ የዘፈኑ መግቢያ ላይ የሚያወራበት ቀረጻ አብዛኛው ከዛ የመጣ ነው፣ ሸክላው ላይ ንግግሩና ዘፈኑ አንድ ላይ ስለታተሙ ንግግሩን ለብቻ መንቀል አይቻልም። ሁለተኛው አድማጩ ነው፣ ቤቱ ሬዲዮው ፊት ማይክ አስቀምጦ ወይ በገመድ አገናኝቶ የቀዳ ወጣት።

ለዚኛው የሌድ ዜፕሊንን ታሪክ ማወቅ ይገባል። በማርች 1969 የመጀመሪያ አልበማቸው ከወጣ ገና ሁለት ወር አካባቢ ሲሆነው የብሉዝ ሙዚቀኛው አሌክሲስ ኮርነር ለሚያዘጋጀው የቢቢሲ ፕሮግራም ሶስት ዘፈን ተጫወቱ። አንዱ ሰንሻይን ዉመን የሚባል ነው፣ በየትኛውም አልበማቸው ላይ የሌለ ዘፈን። የቢቢሲው ቴፕ ጠፋ። በ1997 ባንዱ የቢቢሲ ቀረጻዎቹን በሁለት ሲዲ ሲያወጣ ይሄ ዘፈን አልነበረም፣ ማውጣት ቢፈልጉስ ከየት ያምጡት፣ ጣቢያው ጋ የለ። በ2016 ግን የባንዱ ጊታሪስት ጂሚ ፔጅ ስብስቡን አስፍቶ በድጋሚ ሲያወጣው ያ የጠፋው ቀረጻ ተጨመረበት፣ የመጣውም አንድ አድማጭ ያኔ ከሬዲዮ ላይ ከቀዳው ነው። ድምፁ የደከመ ነው፣ ከመካከለኛ ወይ ከአጭር ሞገድ የተቀዳ ነገር ምን ያህል ይጠራል፣ ግን አለ። እንደ ሌድ ዜፕሊን ያለ ባንድ፣ በጥራት ነገር ቀልድ የማያውቀው ፔጅ ያለበት ባንድ፣ የአድማጭ ቅጂ ይፋዊ አልበም ላይ ካስገባ ሌሎቹም ይችላሉ ባይ ነኝ።

እሺ፣ ቴፑ ተገኘ እንበል። አሁን ነው ትልቁ ጣጣ የሚጀምረው። አንድ የሬዲዮ ቀረጻ የውርስ ቤት በሉት፣ ለመሸጥ ሁሉም ወራሽ መፈረም አለበት፣ አንዱ እምቢ ካለ ወይ ከጠፋ ቤቱ እንደተዘጋ ይቆያል። ወራሾቹ እነማን ናቸው? ጣቢያው አለ፣ ቀረጻውን የሰራው እሱ ስለሆነ በቀረጻው ላይ መብት አለው። ሙዚቀኞቹ አሉ፣ እያንዳንዱ አባል በአጨዋወቱ ላይ የየራሱ መብት አለው፣ ዘፋኙ ብቻ አይደለም፣ ባሲስቱም ከበሮ መቺውም። የዘፈኑ ደራሲዎችና የነሱን መብት የያዘው አሳታሚ አሉ፣ ባንዱ የሌላ ሰው ዘፈን ከተጫወተ ደግሞ እነዚ ፍፁም ሌላ ሰዎች ናቸው። ከዛ ባንዱን ያስፈረመው ሌብል፣ ማለትም የሸክላ ኩባንያው፣ አለ።

ሌብሉ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው የሚስተው እዚ ጋ ነው። ባንዱ ከሌብል ጋር ሲፈራረም ለሽያጭ የሚውል ማንኛውም ቀረጻችሁ ለኔ ብቻ ነው የሚል አንቀፅ አለ። ሌብሉ ባንዱ ሬዲዮ ላይ እንዲጫወት ደስ ብሎት ይፈቅዳል፣ ማስታወቂያ ነዋ፣ ግን የሚፈቅደው ለስርጭት ነው። ጣቢያውም ለሙዚቀኞቹ የከፈለው ለስርጭትና ለተወሰነ ድጋሚ ነው፣ ያ ክፍያ ሸክላ አሳትሞ መሸጥን አይጨምርም፣ ለሽያጭ ከሆነ አዲስ ስምምነት አዲስ ክፍያ ይፈልጋል፣ የሙዚቀኞች ማህበሩም አለበት። ውጤቱ ምን ሆነ መሰላችሁ፣ ቴፑ ያለው መሸጥ አይችልም፣ መሸጥ የሚችለው ቴፑ የለውም። ሁለቱ ካልተነጋገሩ ነገሩ እዛው ነው። በዛ ላይ ባንዱ በመሀል ሌብል ቀይሮ ከሆነ፣ የድሮው ሌብል ደግሞ ተሽጦ ተሽጦ አሁን ሌላ ግዙፍ ኩባንያ ሆድ ውስጥ ከሆነ፣ የ1969ኙን ውል ወረቀት አግኝቶ ማን ምን ፈረመ ብሎ ማጣራት ራሱ የጠበቃ ስራ ነው፣ ጠበቃ ደግሞ በሰዓት ነው የሚያስከፍለው። ቢትልስ ወይ ኩዊን ከሆነ ይሄ ወጪ ይመለሳል። ሁለት አልበም አውጥቶ የተበተነ ባንድ ከሆነ ግን ማን ያወጣዋል፣ የሚገዛው ሰው ጥቂት ነው፣ ስለዚ በደንብ የተቀዳ ቴፕ መደርደሪያ ላይ አለ፣ ማንም አልከለከለውም፣ ማንም አልፈቀደውም፣ እንዲሁ ይቀመጣል። ከሁሉም የሚያሳዝኑኝ እነዚ ናቸው፣ የትልልቆቹማ ዞሮ ዞሮ ይወጣል።

ሰው ቁጭ ብሎ የፈቃዱን ስራ ከሰራው እንደሚቻል ደግሞ ታይቷል። በ1986 ክላይቭ ሴልዉድ ከሬዲዮ 1ዱ አቅራቢ ጆን ፒል ጋር ስትሬንጅ ፍሩት የሚባል ትንሽ ሌብል አቋቁመው በፒል ፕሮግራም ላይ የተቀረፁትን ከቢቢሲ ፈቃድ እየወሰዱ ማሳተም ጀመሩ፣ ብዙ ባንዶችን ዛሬ በዛ መልክ የምንሰማቸው ያ ሌብል ስለነበረ ነው።

ሙዚቀኛው ከሞተስ መብቱ አብሮት አይሞትም ወይ የሚል ይኖራል። ይሄ ፍርድ ቤት ደርሷል። ጂሚ ሄንድሪክስ በ1970 ነው የሞተው፣ በጃንዋሪ 1969 ስቶክሆልም ላይ ያቀረባቸው ኮንሰርቶች ቀረጻ ግን ከብዙ ዓመት በኋላ እንግሊዝ ውስጥ ፐርፕል ሄዝ ሪከርድስ በሚባል ድርጅት ለሽያጭ ቀረበ። የሄንድሪክስ ቤተሰብ ድርጅት ከሰሰ። ተከሳሾቹ የተከራከሩት የእንግሊዝ ህግ ለሙዚቀኞች የአጨዋወት መብት በግልፅ የሰጠው በ1988 በወጣው አዋጅ ነው፣ ሄንድሪክስ ያኔ ከሞተ ስንት ዓመቱ፣ ስለዚ መብት የለውም ብለው ነው። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ2007 አልተቀበላቸውም፣ አዋጁ ከመውጣቱ በፊት የተደረገን አጨዋወትም ይሸፍናል፣ መብቱም ለወራሾቹ ይተላለፋል አለ። ለቤተሰቡ ፍትህ ነው፣ ደስ ብሎኛል። ግን በሌላ በኩል ሲታይ የአንድ ባንድ አራት አባላት ሶስቱ ከሞቱ አሁን ፊርማ የሚጠየቀው ከአንድ ሙዚቀኛና ከሶስት ቤተሰብ ነው፣ ቤተሰብ ውስጥ ደግሞ የመጀመሪያ ሚስት አለች፣ ሁለተኛ አለች፣ የማይነጋገሩ ልጆች አሉ፣ አንዳንዴ ባንዱ ራሱ በህይወት እያለ የማይነጋገር ነው። ቀረጻው ላይ ምንም ችግር ሳይኖር በሰው ጠብ ብቻ የሚቀር አለ።

አሜሪካ ደግሞ ነገሩ በሌላ መልክ ነው የሄደው። እዛ እንደ ቢቢሲ ያለ አንድ ትልቅ የህዝብ ጣቢያ አልነበረም፣ የግል ድርጅቶች ኮንሰርት እየቀዱ ለብዙ ጣቢያዎች የሚያከፋፍሉት ፕሮግራም ነው የነበረው። ታዋቂው ኪንግ ቢስኪት ፍላወር አወር ነው፣ በፌብሯሪ 1973 ሲጀምር የመጀመሪያው ፕሮግራም ላይ ገና ስም ያልነበረው ብሩስ ስፕሪንግስቲን ነበረበት። የሰበሰቡት ቴፕ በጣም ብዙ ነው፣ በ1982 የተነሳ እሳት የተወሰነውን ወሰደው፣ የተረፈውን በ2006 ዎልፍጋንግስ ቮልት የሚባል ድርጅት ገዛው። ይሄው ድርጅት ከዛ በፊት የታዋቂውን የኮንሰርት አዘጋጅ የቢል ግራሃምን ማህደር ገዝቶ ነበር፣ ፖስተሩንም ቲሸርቱንም ቴፑንም፣ እና ኮንሰርቶቹን ኢንተርኔት ላይ ማሰማትና መሸጥ ጀመረ። የሮክ አድማጭ በደስታ ሰከረ፣ እኔም ብሆን ያን ጊዜ ቢደገም እወዳለሁ። ሙዚቀኞቹ ግን አልተደሰቱም። በ2006 መጨረሻ ግሬትፉል ዴድ፣ ካርሎስ ሳንታና፣ የሌድ ዜፕሊንና የዶርስ አባላት ከሰሱት፣ ያኛው በስምምነት አለቀ። በ2015 ደግሞ የዘፈኖቹን መብት የያዙት አሳታሚዎች ተነሱ። ድርጅቱ የአሜሪካ ህግ በሚፈቅደው፣ ባለመብቱ ባይስማማም የተወሰነ ክፍያ ከፍሎ ዘፈን ማባዛት በሚያስችለው መንገድ ነው የሄድኩት ብሎ ተከራከረ፣ ፍርድ ቤቱ ግን ይሄ መንገድ የሚሰራው ቀረጻው ራሱ ከመጀመሪያው በፈቃድ የተሰራ ከሆነ ነው፣ ቴፑን መግዛትህ የሙዚቀኞቹን ፈቃድ አያመጣልህም ብሎ ፈረደበት፣ በ2022 ይግባኝ ሰሚውም በዋናው ነጥብ ላይ አፀናው።

ይሄ ፍርድ ብዙ ነገር ያስረዳል። ቴፕ እቃ ነው፣ እቃውን መግዛት ይቻላል፣ መጋዘኑን ጭምር መግዛት ይቻላል፣ እቃው ላይ ያለው ሙዚቃ ግን በእቃው ሽያጭ አብሮ አይተላለፍም። አንድ ጡረታ የወጣ የሬዲዮ ቴክኒሺያን ጓዳው ውስጥ የሮሪ ጋላገር ወይ የዊሽቦን አሽ ኦሪጅናል ሪል (የቴፕ ጥቅል) ቢያገኝ ያለው ነገር ፕላስቲክና ማግኔት ነው፣ መሸጥ የሚችለውም እሱኑ ነው።

ከዛ ደግሞ ሁሉም ፊርማ ቢሟላ ባንዱ ራሱ የማይፈልግበት ጊዜ አለ። እዚ ላይ አድማጭ ብዙ ጊዜ ይናደዳል፣ እኔ ግን እነሱንም እረዳቸዋለሁ። አልበም ላይ የሰማችሁት ነገር ስንት ጊዜ ተደጋግሞ፣ ተመርጦ፣ ተስተካክሎ የወጣ ነው። የሬዲዮው ከሰዓት በኋላ ተገብቶ ሳይመሽ የተወጣበት ነው፣ ዘፋኙ ጉንፋን ይዞት ሊሆን ይችላል፣ የጣቢያው ቴክኒሺያን ጠዋት ኦርኬስትራ ቀድቶ ከሰዓት ዲስቶርሽን ጊታር ሲመጣበት ሜትሩ ቀዩ ላይ እንዳይደርስ ብሎ ጊታሩን ዝቅ አድርጎት ሊሆን ይችላል፣ ሞኖ ሚክስ ስለሆነ ደግሞ ያ የወረደ ጊታር ከ50 ዓመት በኋላም እንደወረደ ነው፣ ለየብቻ የተቀዳ ትራክ የለማ የሚስተካከል። ሙዚቀኛው ሲሰማው ስህተቱን ነው የሚሰማው፣ እኛ ስንሰማው ህይወቱን። ሁለታችንም ልክ ነን። ቢሆንም የሙያው ቴክኖሎጂ ይሄን ሰበብ እያሳነሰው ነው። ሮሊንግ ስቶንስ በዲሴምበር 2017 ከ1963 እስከ 1965 ሬዲዮ ላይ የተጫወቱትን ኦን ኤር ብለው ሲያወጡ አቤይ ሮድ ስቱዲዮ ያሉ ባለሙያዎች በኮምፒውተር ሞኖውን ቀረጻ ወደየመሳሪያው ከፋፍለው፣ ድምፁን ለየብቻ፣ ጊታሩን ለየብቻ፣ ከበሮውን ለየብቻ አውጥተው እንደገና ሚክስ አድርገውታል። ከሸክላ ላይ የተረፈ የተንሿሿ ነገር በዚ መንገድ ምን ያህል እንደሚፀዳ ለመስማት የሚፈልግ እሱን አልበም ይስማ።

ጊዜ የሚወስደውም በዚ ምክንያት ነው፣ ፊርማው፣ ፍለጋው፣ ጥገናው። ፒንክ ፍሎይድ በኖቬምበር 1974 ዌምብሊ ላይ ያቀረቡትን ቢቢሲ ቀድቶ አሰራጭቶት ነበር፣ በጥራት የተቀዳ፣ ማንም ጠፍቷል ብሎ የማያስበው ነገር፣ በይፋ የወጣው ግን በ2011 ነው። የጄኔሲስ የቢቢሲ ቀረጻዎች በአምስት ሲዲ ተሰብስበው የወጡት በ2023 ነው፣ የመጀመሪያዎቹ ከ1970 ናቸው።

አንዳንዴ ደግሞ በሩን የሚከፍተው የአድማጭ ልመናም የባንዱ ፍላጎትም ሳይሆን የህግ ሰዓት ነው። የአውሮፓ ህብረት በ2011 ባወጣው መመሪያ የድምፅ ቀረጻ መብት ከ50 ዓመት ወደ 70 ዓመት ከፍ ብሏል፣ ከ2013 ጀምሮ ነው በየአገሩ ስራ ላይ የዋለው። ግን ቅድመ ሁኔታ አለው፣ ተጨማሪው 20 ዓመት የሚገኘው ቀረጻው በ50 ዓመት ውስጥ ለህዝብ ከቀረበ ነው፣ ሳይወጣ 50 ዓመት ካለፈው የቀረጻው መብት ያበቃል፣ ማንም ያለ ሌብሉና ያለ ሙዚቀኞቹ ፈቃድ ሊያትመው ይችላል። ይሄን ያዩ ኩባንያዎች ምን አደረጉ? በ2012 መጨረሻ ሶኒ ቦብ ዲላን በ1962 የቀዳቸውን ያልወጡ ነገሮች ሰብስቦ አውሮፓ ውስጥ 100 ኮፒ ብቻ አወጣ፣ ንዑስ ርዕሱም የኮፒራይት ማራዘሚያ ስብስብ የሚል ነው፣ በግልፅ ፅፈውታል። በዲሴምበር 17፣ 2013 ደግሞ ቢትልሶች 59 ትራክ ኢንተርኔት ላይ ለቀቁ፣ ሁሉም የ1963፣ አብዛኛው የቢቢሲ ቀረጻ፣ ሲዲ የለው፣ ማስታወቂያ የለው፣ ዓመቱ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው። ከተመልካች ሲታይ ግራ የሚያጋባ ነገር ነው፣ 30 ዓመት የተለመነ ነገር በድንገት በገና ሰሞን ብቅ ሲል፣ ካላንደሩን ላየ ግን ምንም ግራ የሚያጋባ የለውም። ፒንክ ፍሎይድም ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ የሆኑ ብዙ የኮንሰርት ቀረጻዎችን እንዲሁ ያለ ማስታወቂያ ስትሪሚንግ ላይ ለቀዋል። ስለዚ የምትወዱት ባንድ የሬዲዮ ቀረጻ ካለው ከተቀዳበት ዓመት ላይ 50 ደምሩና በዛ ዓመት ዲሴምበር ላይ ነቅታችሁ ጠብቁ። አሜሪካ ውስጥ ግን ይሄ አይሰራም፣ በ2018 በወጣው የአሜሪካ ህግ ከ1957 እስከ ፌብሯሪ 1972 አጋማሽ የተቀዱት እስከ 2067 ድረስ የተጠበቁ ናቸው፣ ስለዚ እዛ የሚያስቸኩላቸው ሰዓት የለም።

አሁን ወደ ገዢው እንምጣ፣ ምክንያቱም እዚ ላይ ሰው ይታለላል። አማዞንም ሌላም ቦታ የምታዩዋቸው፣ ሽፋናቸው ላይ የሬዲዮ ስርጭት ወይ ኤፍኤም ስርጭት የሚል የተፃፈባቸው፣ የትልቅ ባንድ ፎቶ ያለባቸው ግን ሌብላቸውን ማንም የማያውቃቸው ሲዲና ሸክላዎች አሉ። እነዚ ብዙዎቹ በህግ ቀዳዳ የሚወጡ ናቸው፣ አንዱ አገር ላይ ጥበቃው አጭር ነው ወይ የውጭ ዜጋን አይሸፍንም ተብሎ ተሰልቶ። አሮጌ ንግድ ነው። ፊል ኮሊንስ በ1983 አሜሪካ ውስጥ ያቀረበው ኮንሰርት ያለፈቃዱ ተቀድቶ ጀርመን ውስጥ በሲዲ ሲሸጥ አገኘው፣ ሲከስ ጀርመን ኮንሰርቱ እዚ ስላልተካሄደ ህጉ የሚጠብቀው የጀርመን ዜጋን ነው፣ አንተ እንግሊዛዊ ነህ ተባለ። ጉዳዩ የአውሮፓ ፍርድ ቤት ደርሶ በኦክቶበር 1993 ለአንድ አባል አገር ዜጋ የተሰጠ ጥበቃ ለሌላውም መሰጠት አለበት ተብሎ ተወሰነ። ያ ቀዳዳ ተዘጋ፣ ግን ሌሎቹ አሉ፣ ሻጮቹም ያውቋቸዋል።

ችግሩ ህጉ ብቻ አይደለም። እነዚ ሲዲዎች አብዛኞቹ የተሰሩት ማስተር ቴፕ (ዋናው የመጀመሪያ ቅጂ) ሳይኖር ነው፣ ያው ዩቲዩብ ላይ በነፃ ያለውን፣ ሶስት አራት ጊዜ ተቀድቶ የደከመውን ነገር ነው አትመው የሚሸጡት፣ ሙዚቀኛውም ጣቢያውም ሳንቲም አያገኝም፣ ያን ቀን ሬዲዮው ፊት ተቀምጦ የቀዳው አድማጭም አያገኝም። የከፋው ደግሞ ትክክለኛውን ቀረጻ ለማውጣት ፊርማ ሲለቅም የኖረ ትንሽ ሌብል ይሄን ሲያይ ገበያው ተይዟል ብሎ ይተወዋል።

ስለዚ ከመግዛታችሁ በፊት ሶስት ነገር እዩ። ጀርባው ላይ ከቢቢሲ ወይ ከጣቢያው በፈቃድ የሚል ፅሁፍ አለ ወይ? ባንዱ ራሱ ዌብሳይቱ ላይ አልበሙን ከስራዎቹ መሀል ይቆጥረዋል ወይ? ቀረጻው ከየት ቴፕ እንደተወሰደ፣ ማን እንደጠገነው የሚናገር የውስጥ ፅሁፍ አለው ወይ? በፈቃድ የሚያወጣ ሰው ይሄን አይደብቅም፣ ማስተሩ ጠፍቶ ከአድማጭ ካሴት ከሆነ የወሰደው እሱኑ ይፅፈዋል፣ ሌድ ዜፕሊንም አልደበቁም። ሶስቱም ከሌሉ ብራችሁን ያዙ። እናንተ ወይ ዘመዳችሁ ያኔ አውሮፓ ወይ አሜሪካ እያላችሁ ከሬዲዮ የቀዳችሁት ሪል ወይ ካሴት ካለ ደግሞ አትጣሉት፣ ደጋግማችሁም አታጫውቱት፣ ክሩ ይበጠሳል። ደህና ማሽን ያለው ሰው ጋ ወስዳችሁ አንዴ በዲጂታል አስቀዱት፣ ከዛ ለጣቢያው ማህደር ክፍል ወይ ለባንዱ ቢሮ ፃፉላቸው፣ ቀኑንና የፕሮግራሙን ስም ጨምራችሁ።